የልጓሙ ጠፍር ሁሉ ያስፈልጋልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ጾም በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ሥጋና ወተት ከተውኩ አይበቃም እንዴ? ጸሎቱ፣ ስግደቱ፣ ምጽዋቱ ሁሉ የግድ ነው?» ይባላል። መልሱን ከፈረስ ልጓም እንማር፤ ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ስለ አንደበት ሲያስተምር ምሳሌ ያደረገው ልጓምን ነውና።

ልጓም ለማያውቀው ሰው የተወሳሰበ ጠፍር ይመስላል። ዋናው ግን አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት ነው፤ በፊት ጥርስና በመንጋጋ መካከል ባለው ባዶ ድድ ላይ ያርፋል። በጉንጭና በጉንጭ የሚወርዱት ጠፍሮች ብረቱን በልኩ ይይዙታል፤ ሲላሉ ብረቱ ወርዶ ጥርስ ይመታል፣ ሲጠብቁ የአፉን ዳር ያቆስላል። ከጆሮ ኋላ የሚያልፈው ጠፍር ሁሉንም ይሸከማል፤ የግንባሩ ጠፍር እርሱን ወደ አንገት እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። የጉሮሮው ደግሞ ፈረሱ ራሱን ሲነቀንቅ ልጓሙ እንዳይወልቅ ይጠብቃል። ዛቡ ብረቱን ከጋላቢው እጅ ጋር ያገናኛል። በአፍንጫ ላይ የሚታሰረው ግን ባይኖርም ብዙ ፈረስ ይጋለባል። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚታዩት ባለ ቀለም ዘርፎችም ያምራሉ እንጂ ፈረስ አያቆሙም።

ጾማችንም እንዲሁ ነው። ብረቱ ክፉ ፈቃድንና አንደበትን መግታት ነው። ከጥሉላት መከልከል፣ ስግደትና ምጽዋት ብረቱን በቦታው የሚያቆዩ ጠፍሮች ናቸው። ጸሎት ዛቡ ነው፤ እኛን በእግዚአብሔር እጅ ያደርገናል። አንዱ ሲጎድል መጀመሪያ ላይታወቅ ይችላል፤ ፈረሱ ሲደነግጥ ግን ልጓሙ ወልቆ ይቀራል። እኛም ፈተና ሲመጣ እንዲሁ ነን።

ታዲያ ጠፍሩን ሁሉ አሟልቶ ብረቱን የረሳ ሰውስ? 55ቱን ቀን ጾሞ ከወንድሙ ጋር እንደተኳረፈ ለፋሲካ የሚደርስ ስንት ነው! የበግ ሥጋ ትተን በሐሜት የጎረቤታችንን ሥጋ ከበላን ምኑን ጾምነው? «የጾም ኬክ» ፍለጋ መንከራተትና ጾመኛ መባልን መውደድማ ዘርፍ ነው፤ ይሄ ቢቀር ጾሙ አይጎድልም።

ደግሞም ልጓም የተሠራው ፈረሱን ለመምራት እንጂ ለመጉዳት አይደለም። ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ከንስሐ አባት ጋር ተመካክረው ጠፍሩን በልካቸው ያድርጉት። ይቅርታ ለማድረግና ምላስን ለመግታት ግን ሕመም ምክንያት አይሆንም።

በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ እንደተረከው፣ ንግሥት እሌኒ ቅዱስ መስቀሉን ስታገኝ ጌታ የተቸነከረባቸውን ችንካሮችም አገኘች። ልጇ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ከእነርሱ የራስ ቁርና የፈረሱን ልጓም ብረት አሠርቶ ለዘመቻ ይጠቀምባቸው ነበር። ልብ በሉ! ችንካሩ የገባው ከዘርፉ ላይ አይደለም፤ ከብረቱ ላይ ነው። ቁጣ አፋችን ላይ ሲደርስ፣ ስድብ ሊያመልጠን ሲል፣ ያን ችንካር በአፋችን እንዳለ እናስብ። ለሰቀሉት ምሕረት የለመነውን ጌታ እያሰበ ማን ወንድሙን ይረግማል?

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሕማማት ሳይደርስ ዛሬ ማታ የተጣላነውን ሰው ደጅ እናንኳኳ። ብረቱ ያን ጊዜ በቦታው ይገባል።

ጾሙን ለበረከት ያድርግልን፤ ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።