ላሽ ነው ወይስ ቆረቆር?

ልጄ፣ ከማጅራትህ ከፍ ብሎ የአንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ ፀጉሯ መርገፉን ሳይ አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት ነጭ ሽንኩርት እየቀጠቀጥክ እንደምታሽበት ስሰማ ነው። ዛሬውኑ ተው! ቆዳህን ያቆስለዋል።

እዚህ አቃቂ ለዚህ ነገር መድኃኒት የማያዝ ሰው የለም። አንዱ ሽንኩርት፣ ሌላው ነጭ ጋዝ ይልሃል፤ ሁሉም «እኔን አድኖኛል» ብሎ ይምልልሃል። አይዋሹም። አንድ ሁለት ቦታ ብቻ የወጣ ላሽ ብዙ ጊዜ በዓመት ውስጥ በራሱ ይሞላል፤ ምስጋናውን ያን ሰሞን የተቀባው ነገር ይወስደዋል።

ፀጉር ቆራጭህንም አትውቀስ። በማሽንና በማበጠሪያ የሚተላለፈው ቆረቆር ነው፤ እሱ ፈንገስ ነው፣ ይቀርፋል፣ ያሳክካል፣ ይበልጡን ሕፃናትን ይይዛል፣ በቅባት ብቻም አይድንም፤ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ ኪኒን ለሳምንታት ይዋጥለታል። ላሽ ግን ልሙጥ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሥሩ የቀጠነ፣ ጫፉ የወፈረ አጫጭር ፀጉር ይታያል። የገዛ ሰውነትህ መከላከያ የፀጉሩን ሥር ሲያጠቃ የሚመጣ ነው፤ ወደ ማንም አይጋባም። ሥሩም አልሞተም።

ለይቶ የሚነግርህ ሐኪም ነው። ከጤና ጣቢያ ወይም ከጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ጀምር። ወደ አለርት ሪፈር ከጻፉልህ እንዳትሸማቀቅ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምና ቢቋቋምም ዛሬ ማንኛውም የቆዳ ሕመምተኛ የሚታከምበት ነው።

ላሽ ከሆነ፣ ለትንሽ ቦታ የተለመደው ትራያምሲኖሎን የሚባል መርፌ ነው። በቀጭን መርፌ እዚያው ቦታ ላይ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ይወጉሃል፤ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ይደገማል። ያማል፣ አልዋሽህም። አንዳንዴ ቆዳውን ትንሽ ያጎደጉደዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። መርፌ ለሚፈራ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት አለ፤ ከፋርማሲ በራስህ እንዳትገዛው ግን፣ ቆረቆር ሆኖ ከተገኘ ያባብሰዋል። ሚኖክሲዲል የሚባለው መድኃኒትም አጋዥ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለላሽ የፈቀደችው ባሪሲቲኒብ የሚባል ኪኒንም አለ፤ እሱ ራሳቸው በሰፊው ለተመለጠ አዋቂዎች እንጂ ሳንቲም ለምታህል ቦታ አይደለም፣ ዋጋውም አይቀመስም።

መጀመሪያ የሚበቅለው ፀጉር ነጭ ሊሆን ይችላል፤ አረጀሁ ብለህ እንዳትነቅለው። ለካርድ ስትሄድ ራስህን ምንም ሳትቀባ ሂድ፣ ቦታውን በደንብ ይዩት። የእናትህንም የእንቅርት ሕመም አንሳላቸው፤ ሁለቱ አንዳንዴ በአንድ ቤተሰብ ስለሚገኙ ደምህን ሊመረምሩ ይፈልጉ ይሆናል።