መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት

ልጄ፣ አዲስ ሥራ ማግኘትሽን ሰማሁ፤ እሰየው፣ እንኳን ደስ አለሽ። ደመወዙም ይሻላል አሉኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እንደ አንቺ በባንክ የአይቲ አገልግሎት ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ አንዳንዱን በኬክ አንዳንዱን በኩርፊያ ስሸኝ ኖሬያለሁ። ሲቪ አጻጻፉን፣ የኢንተርቪው መልሱን የሚያሳይ ሞልቷል። አወጣጥን የሚያስተምር ግን አላየሁም።

በመጀመሪያ፣ «እሷ ከሌለች ሥራው ይቆማል» ሲሉሽ አትኩሪ። እንዲህ የሚባልለት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቀውን ያልጻፈ ሰው ነው። ጎበዝ አይደለሽም እያልኩሽ አይደለም። ነገር ግን በእኛ ሙያ አንድ አገልግሎት በአንድ ሰው ጭንቅላት ላይ ተንጠልጥሎ ከቆየ፣ ያ ራሱ ያልተመዘገበ ብልሽት ነው።

የሚሆነውን ላሳይሽ። አንድ ባለሙያ ይለቅቃል። የሰው ኃይል ክፍሉ በደንቡ መሠረት አካውንቱን ያስዘጋል፤ ትክክል ነው። ችግሩ፣ የቀኑን ሂሳብ የሚያጠቃልለው የሌሊቱ ሥራ ፋይሉን ወደ ሌላው ሰርቨር የሚልከው በዚሁ ሰው የግል መግቢያ ስም ነበር። ከዓመታት በፊት «ለጊዜው ነው» ተብሎ የተደረገ ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ ለጊዜው የተባለ ነገር ጡረታ ይወጣል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሥራው ይቆማል። ተረኛው ስህተቱን ያያል፤ የይለፍ ቃሉን ግን አያውቅም። ጠዋት ቅርንጫፎች ሲከፈቱ ገንዘብ ከፋዩ በመስኮቱ በኩል «ሲስተም የለም» ይላል፤ ጡረታቸውን ሊቀበሉ ከሌሊት ጀምሮ የተሰለፉ አዛውንት ተመልሰው ይሄዳሉ። ምንም የተበላሸ ማሽን የለም። አንድ ሰው ስሙን ሳይነቅል ወጥቶ ነው።

ስለዚህ ስምሽን ፈልጊ። በጊዜ ሰሌዳ በሚሠሩ ሥራዎች ውስጥ፣ በስክሪፕቶች ውስጥ፣ በዳታቤዝ ግንኙነቶች ውስጥ አንድ በአንድ ፈልጊና ወደ ሰርቪስ አካውንት አዛውሪ። ከሶፍትዌር አቅራቢው ጋር የምትጻጻፉበት ኢሜይል የማን ነው? የማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው በማን ስልክ ነው? የሰርተፊኬት ማብቂያ ማስታወቂያስ ለማን ነው የሚላከው? ይሄኛውን አትናቂው። የድረ ገጽ ሰርተፊኬት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ398 ቀን በላይ እንዳይቆይ ተደርጓል፤ ጊዜው ደረጃ በደረጃ እያጠረ በ2029 47 ቀን ይደርሳል። ማስታወቂያው ወደ ተዘጋ ኢሜይል ከሄደ፣ ሞባይል ባንኪንጉ አንድ ማለዳ ላይ ቀጥ ይላል።

ርክክብን በተመለከተ፣ ወፍራም ሰነድ ጽፈሽ «ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ» ብለሽ እንዳትሄጂ። የሚያውቅ ሰው ሲጽፍ የሚያውቀውን ይዘላል። ይልቅ ተረካቢውን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጪውና አንቺ እጅሽን አጣጥፈሽ ተመልከቺ። ባካፕ መልሶ ይጫን። ባካፕ መኖሩን ሁሉም ይነግርሻል፤ መልሶ ጭኖ ያየው ግን ጥቂት ነው። እሱ በቆመበት ቦታ ላይ ሰነዱን አርሚ። «ቆይ እኔ ላድርገው» የሚለው ነገር ምላስሽ ላይ ይመጣል፤ ዋጪው።

ሌላው፣ የሚወጣ ሰው ብቻ የሚያገኘው ነፃነት አለ። በወርሃዊው ሪፖርት ላይ «ተዘግቷል» የተባሉትን ቲኬቶች ታውቂያቸዋለሽ፤ ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ የሚድን፣ በሳምንቱ ተመልሶ የሚመጣ። ቲኬቱ በሰዓቱ ስለተዘጋ ኤስኤልኤው፣ ማለትም የአገልግሎት ደረጃ ስምምነቱ፣ ያምራል፤ ሥሩ ግን እንዳለ ነው። የአይቲል (የአይቲ አገልግሎት አስተዳደር) መጻሕፍት ድንገተኛ ብልሽትንና ሥሩን ለይተሽ መዝግቢ ሲሉ የኖሩት ለዚህ ነው፤ ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ የሰቀለው ሁሉ ያደርገዋል ማለት ግን አይደለም። አንቺ ያልተፈቱትን በአንድ ገጽ ጻፊና ተዪ፦ ምልክቱ፣ ማስታገሻው፣ የምትጠረጥሪው ምክንያት። የሰው ስም አታስገቢበት። ቂም የሚወራበት ወረቀት ማንም አያነበውም።

ጊዜውንም ምረጪ። ባንኮች ሂሳብ የሚዘጉት ሰኔ 23 ነው፤ በዚያ ሰሞን አትውጪ። የበዓል ዋዜማም እንዲሁ፤ ኤቲኤሙ ሁሉ ተሰልፎበት ሳለ ጓደኞችሽን ትተሽ መሄድ ነውር ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። የሥራ መሪ ከሆንሽ ግን አዋጁ ስለማይመለከትሽ ውልሽን አንብቢ። ቀሪ ክፍያሽ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈልሽ ይገባል፤ በእጅሽ ያለውን ንብረት በራስሽ ጥፋት ካዘገየሽ ግን እሱም ይዘገያል፤ ላፕቶፑንና የመግቢያ ካርዱን ቶሎ አስረክበሽ ክሊራንሱን አስፈርሚ። የሥራ ልምድ ማስረጃ የምትለምኚው ነገር አይደለም፤ መብትሽ ነው። የሥራሽን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን የያዘ መሆኑን እዚያው ቆመሽ አንብቢ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይታሰባል። ባንኩ በሥልጠና ልኮሽ የአገልግሎት ግዴታ ፈርመሽ ከሆነ፣ ያንን ወረቀት ዛሬውኑ አውጪና እዪ።

በሥራ ላይ የጻፍሻቸውን ስክሪፕቶች በፍላሽ ይዘሽ አትውጪ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪሽ ናቸው። የመግቢያ ፈቃድሽ ሁሉ መዘጋቱንም በጽሑፍ ጠይቂ። ክፍት ቀርቶ አንድ ነገር ቢጠፋ መጀመሪያ የምትጠሪው አንቺ ነሽ። ከወጣሽ በኋላ «እባክሽ ገብተሽ አንዴ እዪልን» ቢሉሽ እሺ አትበዪ። ያለ ፈቃድ ኮምፒዩተር ውስጥ መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል ነው፤ የጓደኛ የቃል ልመና ደግሞ ፈቃድ አይሆንም። በስልክ ግን ርጂያቸው፤ በተለይ ተረኛው ልጅ ሲደውል ሳትሰለቺ አንሺለት።

አለቃሽ ጉዳዩን ከቴሌግራም ግሩፕ ወይም ከሻይ ቤት ወሬ እንዳይሰሙት። ነገ ጠዋት ቢሮአቸው ግቢና ራስሽ በቃል ንገሪያቸው፤ ደብዳቤውን ከዚያ በኋላ አስገቢ።