የማን ደጋፊ ነን?

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ሕጉ አጭር ነው፤ በ100 ሚሊዮን የምናብ ፓውንድ 15 ተጫዋች፣ ከአንድ ክለብ ከ3 የማይበልጥ፣ የአምበሉ ነጥብ እጥፍ። እንግዲህ ለአርሰናል እንቅልፍ የሚያጣው የአዲስ አበባ ልጅም ቢያንስ 12ቱን ከባዕድ ደጅ ማምጣት ግድ ይለዋል።

ጣጣው የሚመጣው ሃላንድን አምበል አድርጎ ሲቲና አርሰናል የተጋጠሙ ዕለት ነው። ኖርዌያዊው ሲያገባ ይዘን ወይስ ይጨፍር? «ጨዋታ አይደል እንዴ!» የሚሉ አሉ፤ ለእኔ አይዋጥልኝም። ፍቅር አስልተው የሚገቡበት ነገር አይደለም፤ አሸናፊ ቡድን ማዋቀር ግን ከስሌት በቀር ሌላ ጥበብ የለውም። ያም ሆኖ ልቡ ለሁለት የተከፈለውን ሰው ከዳተኛ አልለውም። ከዳተኛ የምለው የአርሰናልን ተከላካዮች ጥንካሬ አስልቶ አምበልነቱን ከሃላንድ ከነጠቀ በኋላ፣ ጓደኞቹ ፊት «ለክለቤ ብዬ ነው» የሚለውን ነው።