አቅም ማጣትና ሥራ ማጣት

ማኅበረሰብ ችግረኛን የሚረዳው መሥራት ስለማይችል ነው ወይስ መሥራት እየቻለ ሥራ ስላጣ የሚለው ጥያቄ፣ ላይ ላዩን የአስተዳደር ጉዳይ ቢመስልም፣ በውስጡ ስለ ፍትሕና ስለ ሰው ክብር የቆየ ክርክር አለ። የሥራ አጥነት ድጎማ፣ ማለትም ሥራ ያጣ ነገር ግን ለመሥራት ዝግጁ የሆነ ሰው ለተወሰነ ጊዜ የሚያገኘው ክፍያ፣ ተቀባዩ «እችላለሁ» እንዲል ያስገድዳል፤ የአካል ጉዳት ድጎማ ደግሞ «አልችልም» ማለትን ይጠይቃል። ሁለቱ ድጎማዎች በየፊናቸው በሚተዳደሩባት አሜሪካ፣ ጤናውንም ሥራውንም ባንድ ወቅት ያጣ ሰው በአንዱ መሥሪያ ቤት የሰጠው ቃል በሌላው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል።

ኢትዮጵያ የሥራ አጥነት ድጎማ ሥርዓት የላትም፤ ጥያቄው ግን በሕጎቿ ውስጥ ይገኛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳ ሲያዝዝ፣ ንዑስ አንቀጽ 6 ለሥራ አጦችና ለችግረኞች የሥራ ዕድል እንዲስፋፋ ያዝዛል። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ለችግረኞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ይህንኑ ክፍፍል ተከትሏል፤ መሥራት የሚችለው በጽዳትና በመሳሰለው የአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርቶ ሲከፈለው፣ የማይችለው ያለ ሥራ ግዴታ በሚሰጠው «ቀጥታ ድጋፍ» ይታቀፋል፤ በዕቅዱ 84 በመቶው ተጠቃሚ ለፊተኛው፣ 16 በመቶው ለኋለኛው ተመድቧል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንጻሩ ሁለቱን ያቀራርባል፤ በሠራተኛ ቅነሳ የተሰናበተውም ሆነ የሕክምና ቦርድ የአካል ጉዳቱን ያረጋገጠለት ሠራተኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ሲያገኝ፣ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ የሚለው መነሻ ስሌት ለሁለቱም አንድ ነው።

እነዚህ ድንጋጌዎች ሁሉ የማይደርሱበት ሰው በአዲስ አበባው ላምበረት መናኸሪያ ይገኛል። ከሩቅ አገር በገባ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የተጫነውን ጆንያ አውርዶ በትከሻው እስከ ታክሲው የሚያደርስ ተሸካሚ የጽሑፍ ውል የለውም፤ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡበት የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታም አይመለከተውም። ወገቡ የተጎዳ እንደ ሆነ፣ ተቀምጦ ዕቃ መጠበቅ ወይም ትኬት መቁረጥ ቢችልም ለዚያ የሚቀጥረው ካላገኘ፣ አካል ጉዳተኛ ነው ወይስ ሥራ አጥ? ያው ወገብ የሒሳብ ሠራተኛ ወገብ ቢሆን ኖሮ ከደመወዝ ላያጎድል ይችል ነበር፤ ስለዚህ አለመቻል የሚባለው ነገር በአካል ላይ ብቻ ተፈልጎ የሚገኝ ሳይሆን፣ በአካሉና አገሩ በሚያቀርበው ሥራ መካከል የሚፈጠር ነው። ሐኪም የመጀመሪያውን ሊመረምር ይችላል፤ ሁለተኛውን ግን በምርመራ ክፍል ውስጥ አያገኘውም።

የሃይማኖት ሊቃውንት ይህን ከዘመናዊ ሕግ ቀድመው ተረድተውታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በላከው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 3 የሚነቅፈው ለመሥራት የማይፈልገውን ነው፤ ፈልጎ ያጣውን በዚያ ቃል መክሰስ መልእክቱን ከቦታው ማውጣት ይሆናል። ዮሐንስ አፈወርቅም ስለ አልዓዛር ባስተማረው ስብከት፣ መጽዋች የችግረኛውን ኑሮ እንዲመረምር ሳይሆን ችግሩን ብቻ እንደ በቂ ምስክር እንዲቀበል መክሯል። በእስልምና ደግሞ ዘካ፣ ማለትም ሀብት ያለው ሙስሊም ለተወሰኑ ወገኖች የሚያወጣው ግዴታ፣ ሠርቶ ራሱን ለሚችል ጤነኛ አይሰጥም፤ ይሁን እንጂ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት የሻፊዒ መዝሀብ ሊቅ ኢማም ነወዊ፣ መሥራት የሚችል ሰው የሚቀጥረው ካጣ እንደማይችል ተቆጥሮ ዘካ ይገባዋል ብለዋል። ይህ ብያኔ የላምበረቱን ተሸካሚ ጥያቄ በቀጥታ ይመልሳል፤ ሰውየው ዘካ ለማግኘት ያልሆነውን ሆኛለሁ ማለት አያስፈልገውም።

በአቅም ማጣትና በሥራ ማጣት መካከል ያለው ድንበር ከላላ ድጋፉ ያለ አግባብ ይሰጣል የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ላይ የዋለው የአካል ጉዳት መድን የጉዳተኛውን የመቀጠር ዕድልም ያገናዝብ ስለነበር፣ አሠሪዎች ሊቀንሷቸው የፈለጓቸውን ሠራተኞች ወደዚያ ይመሩ ጀመር፤ ያ አሠራርም እ.ኤ.አ. በ1987 ተሻረ። ሆኖም ችግሩን ያባባሰው የጉዳቱ ክፍያ ከሥራ አጥነቱ የተሻለና የረዘመ መሆኑ ነው፤ ሁለት በሮች እኩል ካልሆኑ ሰው ሁሉ ወደ ተሻለው መጋፋቱ አይቀርም። በከተማ ሴፍቲኔትም የአካባቢ ልማት ሠራተኛ ከ3 ዓመት በኋላ እንዲመረቅ፣ ማለትም ከድጋፉ እንዲወጣ ሲጠበቅ፣ ቀጥታ ድጋፍ ግን ይህ ገደብ የለበትም፤ ስለዚህ ግማሽ አቅም ያለው ሰው ያችኑ አቅሙን እንዲደብቅ ይገፋፋል። ችግረኛን በገዛ አካሉ ላይ በሐሰት እንዲመሰክር የሚያደርግ ሥርዓት፣ የሚሰጠው ገንዘብ ቢበዛም፣ ፍትሐዊ ሊባል አይገባውም።

የሴፍቲኔቱን ተጠቃሚ የሚመለምሉ የየወረዳው ኮሚቴዎች «መሥራት ይችላል ወይ» ከሚለው ጥያቄ ጎን «የሚችለውን ሥራ የሚሰጠው አለ ወይ» ብለው ይጠይቁ፤ ለሁለተኛው መልሱ «የለም» ከሆነ፣ አመልካቹ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ቀጥታ ድጋፍ አይከልከል።