እረኛው የት ነበር?

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ይባላል። ተረቱ የሚነገረው በሬው ከወደቀ በኋላ ነው፤ ተናጋሪውም ምንጊዜም አፋፉ ላይ በደህና የቆመ ሰው ነው። በተረቱ ውስጥ ሣር አለ፣ ገደል አለ፣ በሬ አለ፤ እረኛ ግን የለም። እኔን የሚከነክነኝ ይኸው ነው። መቼም የሰው ከብት ያለ ጠባቂ ገደል አፋፍ ላይ አይውልም።

ገደልን እንጀራው ያደረገ ሰው አለ፤ በተዋናይ ፈንታ የሚወድቀው ስታንትማን። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው «ፊስት ኦፍ ፊውሪ» መጨረሻ ላይ ብሩስ ሊ በእርግጫ ሲለው ከቤት ውጭ ተወርውሮ የሚወድቀውን ጃፓናዊ አስታውሱ። ፊቱ የሌላ ተዋናይ ነው፤ የሚወድቀው ገላ የጃኪ ቻን። ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ግን በፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት በዱላ እየተገራ መገልበጥና መውደቅ ተምሯል። ሣሩን አክተሩ ይግጣል፣ ገደሉን እሱ ይገባል። ገደሉን አላየም እንዳይባል ደግሞ ከማንም በፊት የሚያየው እሱ ነው፤ ከፍታውን ይገምታል፣ ከታች የሚነጠፈውን ካርቶንና ፍራሽ ያያል፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚያርፍ ያሰላል። እዚህ ላይ ተረቱ ያነክሳል።

አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሰፈር ሆኖ ይህን ማሰብ የራሱ ነገር አለው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛው አለርትም በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው እዚያው ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭ ይጎዳል። የደነዘዘ እጅ የጋለ ድስት ሲያነሳ አይናገርም፤ የደነዘዘ እግር ሚስማር ረግጦ ዝም ይላል። ስለዚህ ሕመምተኛው በየቀኑ መዳፉንና ውስጥ እግሩን በዓይኑ እየፈተሸ እንዲኖር ይመከራል። ገደሉን አለማየት ሁልጊዜ የሆዳምነት ውጤት አይደለም፤ የሚያስጠነቅቀው ስሜት የጠፋበትም አለ። በዚህ ሰፈር ያንን ተረት ጮክ ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

ጃኪ ቻን ግን ሕመሙ በደንብ ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ1985ቱ «ፖሊስ ስቶሪ» የገበያ አዳራሽ ውስጥ አምፖል በተጠመጠመበት ምሰሶ ቁልቁል ሲንሸራተት የመዳፉ ቆዳ ተቃጠለ። ማን ውረድ አለው? ዳይሬክተሩ። ዳይሬክተሩስ? ራሱ። ከ1979 ጀምሮ ፊልም ያዘጋጅ ነበርና በሬው እረኛም ሆኗል። በሬ እረኛ ሲሆን መንጋውን ከገደል ያርቃል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ተሳስቷል። «አርመር ኦፍ ጎድ» ዩጎዝላቪያ ውስጥ ሲቀረጽ ከግንብ ወደ ዛፍ ዘለለ፤ ከሠራቸው ሁሉ ቀላሉ ዝላይ ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ቀረጻ ተሳክቶ ነበር፤ እሱ ግን አልጠገበም፣ ደገመው። ቅርንጫፉ ተሰበረ፣ ድንጋይ ላይ በጭንቅላቱ ወደቀ፣ ራስ ቅሉ ተሰበረ፣ የአንድ ጆሮው መስማት ተጎዳ። ያቺ «አንዴ ልድገመው» ሣር ነበረች። እዚህ ጋ ተረቱን እቀበላለሁ።

ያ አደጋ ተቆርጦ አልተጣለም፤ ፊልሙ ሲያልቅ ከስም ዝርዝሩ ጋር ይታያል። ቪዲዮ ቤት በየሰፈሩ በነበረበት ዘመን ሌላ ፊልም ሲያልቅ አግዳሚው ወዲያው ባዶ ይሆናል፤ የጃኪ ሲሆን ግን ተነስ ቢሉትም የሚነሳ የለም፣ የተበላሹት ቀረጻዎች ይቀራሉና። ያን ሁሉ ስብራት አይተው የወጡ ልጆች በማግስቱ ከአጥር ላይ ዘለው ወጌሻ ቤት ይገኙ ነበር። ገደሉን አሳምረው አይተውታል፤ ያማራቸውም እሱው ነው።

አሜሪካዊው ቻድ ስታሄልስኪ ሌላውን መንገድ ይዟል። በ1999ኙ «ማትሪክስ» ለኪያኑ ሪቭስ ይወድቅለት የነበረ ሰው በ2014 «ጆን ዊክ»ን አዘጋጅቶ ያንኑ ኪያኑን «ቁም፣ ውደቅ» ማለት ጀመረ። የኦስካር አካዳሚም ለዚህ ሙያ ሽልማት እንደሚሰጥ ያስታወቀው ገና በ2025 ነው፤ የመጀመሪያው የሚሰጠው በ2028፣ በመቶኛው ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። የዘርፉ ስም «የስታንት ንድፍ» ነው። ከስሙ እንደምንረዳው የሚመዘነው አወዳደቁን ያቀደው ሰው ሥራ ነው፤ እረኛው በመጨረሻ ስሙ ሊጠራ ነው ማለት ነው፣ ለሽልማት ቢሆንም።