የብረቱ ኩራዝ

ልጄ፣ ስልክህ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከተሰረቀ ሳምንት አለፈው። ትናንት ቡና ስንጠጣ ሳይህ ግን እጅህ አሁንም ኪስህን ይዳብሳል። ሌባው የሰረቀህ አንዴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍህን የምትሰርቀው አንተው ነህ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብዬ ልሸኝህ እችል ነበር፤ እሱን አንተም ታውቀዋለህ። ይልቅ እንዳንተው ስለተሰረቀ አንድ ሰው ላጫውትህ።

ኤፒክቴተስ ይባላል። የዛሬ 1900 ዓመት ገደማ በሮም ዘመን የኖረ፣ በባርነት ያደገ፣ እግሩን የሚያነክስ፣ ነጻ ከወጣ በኋላ ኒቆጶሊስ በምትባል የግሪክ ከተማ ያስተማረ ፈላስፋ ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ የብረት ኩራዝ ነበረው። አንድ ቀን መስኮቱ አካባቢ ኮሽታ ሰምቶ ሮጦ ቢወርድ ኩራዙ የለም። አልተራገመም። ነገ የሸክላ እገዛለሁ፣ ሰው የሚያጣው ያለውን ነው ብሎ ተወው። ሌባው ደግሞ ለኩራዙ ዋጋ ከፍሏል አለ፤ ታማኝነቱን። አስበው ልጄ፣ ከሁለቱ የከሰረው ማነው?

ይህ ሰው ኢስጦኢኮች ከሚባሉት ፈላስፎች ወገን ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ላይ ያገኛቸውን ስናነብ ስማቸውን ብቻ ጠርተን እናልፋለን። ትምህርቱን የጀመረው የቆጵሮሱ ዜኖን፣ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት አቴና ውስጥ በአንድ ባለ ሥዕል በረንዳ ሥር ያስተምር ነበር። ስማቸውም ከዚያው በረንዳ የመጣ ነው። ዜኖን ነጋዴ ነበር፤ ወደ ፍልስፍና የገባው መርከቡ ከነጭነቱ ከሰጠመ በኋላ ነው ይባላል።

ኤፒክቴተስ የሚያስተምረው ነገር እንደ እህል ማበጠር ነው። ፍርድህ፣ ምኞትህ፣ የምትመርጠውና የምትሸሸው የአንተ ነው። ገላህ፣ ንብረትህ፣ ሹመትህ፣ የሰው አፍ ግን በእጅህ አይደሉም። የራስህ ያልሆነውን የራሴ ነው ብለህ የያዝክ ዕለት ለቅሶህ አያልቅም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኸው ነው።

አደራ፣ ይህን «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ብሎ እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ ጋር አታምታታው። ከዜኖን ቀጥሎ ትምህርት ቤቱን የመራው ክሌያንቴስ ድሃ ነበር፤ ቀን ለመማር ሌሊት የሰው አትክልት ውሃ እየቀዳ ያጠጣ ነበር። አንተም ፖሊስ ጣቢያ አመልክት፣ ምትክ ሲም ካርድ አውጣ፣ ሥራህን ሥራ። ያ የአንተ ድርሻ ነው። ስልኩ ይገኝ አይገኝ የአንተ ድርሻ አይደለም። ልብህን ድንጋይ አድርገውም አላልኩህም። ኢስጦኢኮቹም ጠቢብም ቢሆን አደጋ በድንገት ሲመጣበት ፊቱ ይገረጣል ይሉ ነበር፤ ልዩነቱ ድንጋጤው ያሳየውን ሁሉ አምኖ አለመቀበሉ ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እኔ ለልጆቼ አላወርስም። ይልቅ የማርቆስ አውሬልዮስን ነገር ላንሳልህ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ161 እስከ 180 ዓ.ም. የሮም ንጉሠ ነገሥት ነበር። ዓለም በእጁ ሳለ፣ ጦርነትና ወረርሽኝ ግዛቱን ሲያምሱት፣ ያ በባርነት ያደገ ሰው ያስተማረውን እያሰበ ራሱን የሚገሥጽበት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ባሪያውና ንጉሡ በአንድ ትምህርት ተገናኙ፤ ለሁለቱም የሚበቃ ነገር ስለሆነ ነው።

ታዲያ ከየት ልጀምር ትለኝ ይሆናል። ኤፒክቴተስም ከትንሹ ጀምሩ ይላል፤ ከፈሰሰ ዘይት፣ ከተሰረቀ ወይን ጠጅ። የእኛም ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ያንተ የፈሰሰ ዘይት ይህ ስልክ ነው። በእሱ ካልተለማመድክ የሚበልጠው ሲመጣ በምን ትቆማለህ?

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ኤፒክቴተስ ከሞተ በኋላ የሸክላ ኩራዙን አንድ ሰው 3000 ድራክማ ከፍሎ ወሰደው፤ ሌሊት በእሱ ብርሃን ሲያነብ ጥበቡ የሚጋባበት መስሎት ነበር። ይህን የጻፈው ሉቅያኖስ የሚባል ጸሐፊ ነው፤ የጻፈውም በገዛው ሰው ሞኝነት ለመሳለቅ ነው። ጥበብ በዕቃ አይገዛም፤ በዕቃ ማጣትም አይሄድም። ልጄ፣ እጅህን ከኪስህ አውጣና ወደ ሥራህ ሂድ።