ላህ ዳር ስንት ዛፍ አለ?

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላል ተረቱ። ብዙ ጊዜ የሚወረወረው አንዱን ሥራ ሳይጨርስ ሌላ ለሚጀምር፣ ከሁለት ወገን ልጠቀም ለሚል ሰው ነው። እኔን የሚጥመኝ ተንኮሉ ነው፤ እግር እንዳለህ አይክድህም። አቅምህን አምኖልህ ሲያበቃ ነው የሚይዝህ።

ይህን ተረት ወንዝ ከመሣል በላይ የሚፈትነው ነገር የለም ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ጥቅምት ላይ ፍኖተ ሰላም አጠገብ፣ ላህ ወንዝ ዳር ሸራ የዘረጋ ሰው ግን ይገባዋል። ክረምቱ ወጥቶ የደፈረሰው ውኃ መጥራት ጀምሯል። ከማዶ በቆሎው ቢጫ እያለ ነው፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ባሕር ዛፉ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ዶቅማው ከሥሩ ሊጠቁር ምንም አልቀረው። አለቱ አለ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ፣ ሳሩ ላይ የተሰጣ ነጠላ፣ አህያ፣ አጥር፣ ፀሐይ ያረፈበት ቆርቆሮ አለ። ሁሉም ያምራል። ሸራው ግን ክንድ አይሞላም።

ጀማሪ ሁሉንም ዛፍ ይወጣል። ቅጠል በቅጠል፣ ድንጋይ በድንጋይ ሲለቅም ይውልና ማታ ሲያየው ወንዙ የለም። የለመደ ሠዓሊ መጀመሪያ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል። ያኔ ዝርዝሩ ይሟሟና ትልልቆቹ የብርሃንና የጥላ ቁራጮች ብቻ ይቀራሉ፤ ሰማይ፣ የማዶው ዳር፣ ውኃው፣ የወዲሁ ዳር። እነዚህን በወፍራም ብሩሽ ይጥላቸዋል። ድንጋዩ ሁሉ አንድ ክምር ሆኖ በአንድ ጥቁር ቀለም ይገባል፤ ጠርዝ የሚወጣላቸው ሁለቱ ወይም ሦስቱ ናቸው፣ የቀሩትን የተመልካች ዓይን ራሱ ይሞላል። ውኃውም ቢሆን የተገለበጠ ሰማይና ዛፍ ነው፤ ሰማዩ ውኃው ውስጥ ከላይኛው ትንሽ ጠቆር፣ የዶቅማው ጥቁረት ደግሞ ትንሽ ፈካ ይላል። ቀጭኑ ብሩሽ የሚነሣው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ውኃው አለት መትቶ ነጭ የሚሆንበት ላይ።

ይህ ከውጭ የመጣ ትምህርት ብቻ አይምሰላችሁ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎኑ በአንድ ዓይን ሲሥሉ ኖረዋል፤ የሰው ጠባይ በአንድ ዓይን ማነስ ተነግሮ ያልቃል። በኋለኛው የጎንደር አሣሣል ከቅዱሳኑ ጀርባ ብዙ ጊዜ ተራራም ጫካም የለም፤ ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚሸጋገር ቀለም ብቻ ነው። ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ይሞላል፣ እያንዳንዱ ሥዕል ግን የያዘው ጥቂት ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ደግሞ ከዚህም አልፎ፣ በአንዳንድ ሥራዎቹ ነገሩን ራሱን ትቶ ቀለምና ቅርጽ ብቻ አስቀርቷል። ያን ያህል መድፈር የእኔ ፋንታ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ተረቱ ይረታል። ከሸራው ወጥተን ማሳ ስንገባ ግን ይንገዳገዳል። የቡሬ ገበሬ በቆሎ ይዘራል፣ በርበሬ ይተክላል፣ ጤፍና ዳጉሳም አያጣም፤ ቢችል ከጓሮው ቀፎ ይሰቅላል። በርበሬውን በሽታ ቢመታው በቆሎው አለ፤ የበቆሎ ዋጋ ቢወድቅ ጤፉ አለ። «አንዱን ዛፍ ምረጥ» የሚለው መካሪ ዘመኑ ሲከፋ ቀለብ አይሰፍርለትም።

አንድ ቀን ከብት ሊያጠጡ የወረዱ አዛውንት ከኋላዬ ቆመው ሸራውን ሲያዩ ቆዩ።

«እግዜር ያበርታህ፣ ልጄ። መልካም ነው። መሻገሪያውን የት አደረስከው?»

«ነገር እንዳይበዛብኝ ተውኩት፣ አባቴ።»

«ዶቅማውን ግን አልተውከውም» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኔ ላህን ስመለከት የታየኝ አለት ላይ የሚሰበረው ነጭ ውኃ ነው፣ ዶቅማውም የቀረው ያንን ነጭ ስለሚያጎላልኝ ነው። ለእሳቸው ላህ ማለት መሻገሪያው ነው፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ሰው ወደ ገበያ የሚያልፍበት፣ ክረምት ሲሞላ ሁሉን ከወዲህ የሚያስቀር። እኔ ያንን ከድንጋዩ ጋር ደምሬ በአንድ ቀለም አልፌዋለሁ።

ተረቱ የሚያንሰው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዛፍ አትውጣ ይላል እንጂ የትኛውን ውጣ አይልም። እንዲያውም ሲጠቀስ ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ጠቃሹ ብዙ ጊዜ ዛፉን አስቀድሞ መርጦ ነው የሚመጣው። እየተማረች ሱቅ ልክፈት ለምትል ልጅ ይህን ተረት የሚጠቅስ አጎት የትኛው እንዲቀር እንደሚፈልግ ያውቃል። ስለ እግር ቁጥር የሚናገር መስሎ ስለ ራሱ ምርጫ ነው የሚናገረው። ሠዓሊም «ቀለል አደረግሁት» ሲል ያው ነው፤ ለማን ቀለለ?

መሻገሪያውን በሌላ ሸራ ሠራሁት። ነጩን ውኃ አወጣሁት፣ ዶቅማው ከዳር አንድ የጠቆረ ጭረት ሆነ። መሐል ላይ አምስት ድንጋይ ብቻ፣ አንድ እርምጃ አንድ እርምጃ ተራርቀው። አዛውንቱ ሌላ ቀን ሲያገኙኝ ቀረብ ብለው በጣታቸው ሦስተኛዋን አሳዩኝ። «እሷ ከዚህም ትርቃለች» አሉ። «ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው የሚንገዳገዱት እሷ ላይ ነው።»